የላባ ሦስተኛ ማርሽ

አረፋው የፊት መስታወቱን እስኪሸፍን ሁለቱም አልተናገሩም።

መኪና ማጠቢያው ውስጥ ብሩሾቹ ጣሪያውን ይደበድባሉ። ውጭ የቆመ ሰው ውስጡን አያይም፤ የሚባለውንም አይሰማም። ቦታው የተመረጠው ለዚህ ነበር።

አጎት የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ ቅርፊቱን ጉልበቱ ላይ ይጥላል። ግማሹን በአንዴ ዋጠና እጁን ወደ ማርሹ መለሰ። ሞተሩ ጠፍቷል፤ መኪናው ቆሟል። እጁ ግን ማርሹ ላይ ተጋድሟል፤ ጣቶቹ መሃል አስኳል ተለጥፏል።

መርፌ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

መርፌና አጎት የምስጢር ስሞች ናቸው። ዝምድና የላቸውም። አጎት አለቃ ነው፤ መርፌ ደግሞ በአንድ ባለጋራዥ ጉያ ውስጥ የተተከለ ሰላይ። በጋራዡ የሚያውቁት የማርሽ ሳጥን ጠጋኝ ሆኖ ነው። «ካምቢዮ» ብለው ይጠሩታል።

«እጅዎን ማርሹ ላይ አያሳርፉ» አለ መርፌ። «ውስጥ ማርሹን የሚገፋውን ሹካ ይበላዋል።»

«ይብላው። የመንግሥት መኪና ነው።»

አጎት ከመቀመጫው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አዲስ የማርሽ እጀታ። ክብ፣ ጥቁር፣ ከባድ።

«ያሉበትን የሚጠቁመው ማሰራጫ ውስጡ ነው። እንዳትከፍተው።»

«ይከብዳል።»

«ከባድ እጀታ ማርሽ ያፈጥናል ያልከኝ አንተው አይደለህ?»

ብሎ ነበር። የቀረውን አጎት እያኘከ ነገረው። ባለጋራዡ ሀብት ያገኘው በመኪና ጥገና አልነበረም፤ የሕፃናት የሳል ሽሮፕ በማከፋፈል እንጂ። አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ ሽሮፑን መርምራ ለሞተር ማቀዝቀዣ የሚጨመረውን ፈሳሽ አገኘችበት። ሽሮፑን የጠጡት ሕፃናት ከተቀበሩ በኋላ የቀረው ምስክር እሷ ብቻ ነበረች። መሥሪያ ቤቱ ደብቋታል። ባለጋራዡ ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት ስትሄድ በጥቁሯ መኪናው ሊነጥቃት አስቧል። የአጎት ዕቅድ በእሷ ፈንታ አንዲት ፖሊስ አስቀምጦ እንዲነጥቁ መተው ነበር። መኪናዋ ታመልጣለች፤ እጀታው ሽሮፑ ወደሚሞላበት ቤት ይመራል።

«ስለዚህ በደንብ አፍጥንላቸው» አለ። «የዚያን ቀን አንተ አመመኝ ብለህ ቅር።»

ውሃው አረፋውን ማጠብ ጀመረ። አጎት ቅርፊቱን ከጉልበቱ ላይ ወደ ምንጣፉ አራገፈ። መርፌ ወርዶ በሌላው በር ወጣ።

ጋራዡ የተቃጠለ ዘይትና የሽንት ቤት ሽታ አለው። ባለቤቱ በመኪና ቁልፍ ጫፍ ጥርሱን ይጎረጉራል፤ ያወጣውን አይቶ መልሶ ይበላል። ሠራተኞቹ ጋሼ ይሉታል። ጋሼ ጥቁሯን መኪና በጫማው ነካ ነካ አድርጎ፣ «ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ እስክትገባ ድረስ የፖሊስ ሞተር ሳይክል ደርሶ ምሳውን በልቶ ይጨርሳል» አለ። የሚያሳስበው ከፍርድ ቤቱ መንገድ የምትወጣው ረጅም ዳገት ናት።

የመኪናዋ ሹፌር ላባ ይባላል። ቅጽል ስሙ ከእጁ የመጣ ነው፤ ማርሽ የሚቀይረው በሁለት ጣት ነው። ቀይሮ ሲጨርስ ወዲያው እጁን መሪው ላይ ይመልሳል። ስለ ሽሮፑ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ወይም አይጠይቅም። እናቱን መኪና ስለሚያስታውካት በበዓል ቀን መኪናዋን ደጃፏ አቁሞ፣ ሞተር ሳያስነሳ ውስጥ ተቀምጠው እንደሚጫወቱ ለመርፌ ነግሮታል። «የማይሄድ መኪና በደንብ ነው የምነዳው» ይላል።

መርፌ ካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ አወረደ። ዘይቱን ደፍቶ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አጠበ። ማርሾቹ ሲገጣጠሙ እኩል የሚያሽከረክሯቸው የነሐስ ቀለበቶች አልቀው ነበር፤ አዲስ አስገባ። የማርሹን ዘንግ አሳጠረ፣ ሥሩ ያለውን ያለቀ የጎማ ቀለበት በነሐስ ተካ፣ ቀጭን ዘይት አዘጋጀ። እጁ ሥራውን ያውቃል። አንዱ ብረት ሌላው ውስጥ ያለ ድምፅ ሲገባ ደስ አለው።

ለማን እየሠራ እንደሆነ ትዝ አለው። ደስታው አፉ ውስጥ ኮመጠጠ።

ከዚያ ሹካውን አየ።

ሦስተኛውን ማርሽ የሚገፋው ሹካ በአንድ ጎኑ ተበልቷል። እንዲህ የሚበላው እጁን ማርሹ ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሰው ነው። የላባ እጅ ይህን አያደርግም።

«ይህችን መኪና ሌላ ማን ይነዳታል?»

ላባ ሳቀ። የጋሼ እንግዳ አለ አለው፤ ትልቅ ሰውዬ፣ እሑድ ጠዋት እየመጣ ጋሼን አጠገቡ አስቀምጦ የሚነዳ።

«እጁን ማርሹ ላይ በማስቲሽ የለጠፉት ነው የሚመስልህ። ስገባ እጀታውን በሳሙና ነው የማጥበው፣ ወንድሜ።»

«ለምን?»

«እንቁላል ይሸታል።»

መርፌ መሣሪያ ፍለጋ የሚሄድ መስሎ ወደ ጓዳ ገባ። በሩን ዘጋ። እጀታውን ብረት ጨምድዶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰረና በመሰርሰሪያ በሳው። ጥቁሩ ቅብ ተላጠ። ከሥሩ ለስላሳ ግራጫ ብረት እየተጠቀለለ ወጣ። መሃል ድረስ ገባ። በሌላኛው በኩልም ወጣ።

ድፍን እርሳስ ነው።

ማሰራጫ የለም። የሚከታተል የለም። ስለዚህ ተተኪ ፖሊስም የለችም። አጎት ምስክሯን ሸጧል። መርፌ ደግሞ ከሻጩ ጋር ተባብሮ የመውሰጃዋን መኪና ሲያፈጥን ከረመ።

የእርሳሱን ፍቅፋቂ ጠርጎ ሞርሳው ሥር ባለው ባልዲ ውስጥ ጣለ።

አለቃው የከዳው ሰላይ የሚደውልበት አንድ ቁጥር አለ፤ የልብስ ንጽሕና መስጫ ቁጥር ነው። መርፌ ከመንገድ ማዶ ካለ ሱቅ ደወለ።

«እጅጌ የሌለው ካፖርት ጥዬ ነበር» አለ።

የምስጢር ቃሉ ይህ ነበር። ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ፤ «የማን ካፖርት?»

«የአጎቴ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እጄ ላይ ነው።»

የስልኳ ሴት ረጋ ብላ ነበር የምትናገረው። ከአጎት ጋር ማን እንዳለ አያውቁም፤ ዛሬ ቢያስሩት የተቀሩት ምስክሯን ያጠፏታል። ሲያስረክባት እጅ ከፍንጅ መያዝ አለባቸው። ከዳገቱ ኩርባ በላይ የጭነት መኪና መንገዱን ይዘጋል። ጥቁሯ መኪና በሙሉ ፍጥነቷ ከመጣች ግን ቀድማው ታልፋለች።

«ዳገቱ ላይ ትዘግይልን» አለች።

«ሹፌሩ ምንም አላደረገም።»

ስልኩ ተዘጋ።

ካምቢዮው ውስጥ ማርሹን በገባበት ቦታ የሚይዝ ትንሽ ኳስ አለ፤ ከኋላው ሞላ ይገፋዋል። መርፌ ሞላውን አወጣና ግማሹን ቆረጠው። የተበላውን ሹካ መልሶ ገጠመ፤ ሊተካበት ያዘጋጀውን አዲሱን ባልዲው ውስጥ ደበቀ። ሞላው ሲላላ ማርሹ በትንፋሽ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን የሚይዘው የለም። በሜዳ ላይ ማንም አያውቅበትም። ዳገት ላይ፣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲስብ፣ ተፈናጥሮ ይወጣል። የበሳውን እጀታ ቀዳዳ ደፍኖ ቀባውና እሱንም አሰረው።

ላባ ከተማው ዳር ያለው ሜዳ መንገድ ላይ ሞከራት። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ዓይን ሳይርገበገብ።

ላባ ጥግ ይዞ ቆመ። ከዚያ የመርፌን እጅ፣ ዘይት እንደነካው፣ በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ እኮ እስከዛሬ ጥፋቱ የእጄ ይመስለኝ ነበር» አለው።

መርፌ ቀለበቶቹ አዲስ ስለሆኑ እስከ ቀኑ ድረስ ዳገት እንዳያወጣት መከረው። ላባ ራሱን ነቀነቀ። ያመነ ሰው ፊት እንዲህ እንደሚያስጠላ መርፌ አያውቅም ነበር። የሚያስጠላው ፊቱ አልነበረም፤ ፊቱ ላይ የሚያየው የራሱ ሥራ ነበር።

በፍርድ ቤቱ ቀን መርፌ አመመኝ አላለም። ቀድሞ ጋራዡ ገባ። ጋሼም በቁልፉ ጥርሱን እየጎረጎረ የሠራት ሰው አብሮ ይሄዳል ብሎ ከፊት አስቀመጠው።

የተነጠቀ ሰው አልነበረም። ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለ ጠባብ መንገድ አጎት መኪናውን አቆመ፣ የኋላ በሩን ከፈተ፣ ምስክሯን በክንዷ ይዞ አወጣ። ቀጭን ናት። የደረሰች መስሏት ቦርሳዋን አስተካከለች። ከዚያ ጋሼን አየችና ወደ መኪናው ልትመለስ ዞረች።

አጎት መርፌን አየ።

መንጋጋው ማኘኩን አቆመ። ቢናገር ሰላዩን ጋራዥ ውስጥ የተከለው ራሱ መሆኑ ይታወቃል፤ ጋሼ ሁለቱንም ይቀብራቸዋል። ስለዚህ ጠጋ ብሎ መስኮቱ ላይ ክንዱን አሳረፈ።

«መልካም ሠርተሃል አሉ፣ ልጄ።»

«የእርስዎም እጅ አለበት» አለ መርፌ።

ጋሼ ሴትዮዋን ከኋላ አስገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሽጉጡን ጎኗ ላይ ደገፈ። ላባ ሽጉጡን በመስታወት አየ። እንዲህ እንደሚሆን ማንም አልነገረውም።

«ንዳ።»

ነዳ። ከኋላ የፖሊስ ጩኸት ተነሣ። ዳገቱ ጀመረ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ሁለቱ ጣቶች ተንቀሳቀሱ። ሦስተኛ።

ማርሹ ወጣ።

ሞተሩ በባዶ አጓራ። ላባ መለሰው። ወጣ። ፍሪሲዮን ረግጦ እንደገና መታው።

ወጣ።

መኪናዋ ተጎተተች። ኩርባው ላይ የጭነት መኪና ቀስ ብሎ መንገዱን ሞላው። ላባ ፍሬን ያዘ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማርሹን በሙሉ መዳፉ ጨብጦ ነበር።

«ሸጥከኝ?» አለ ጋሼ።

«እጄ ነው፣ ጋሼ» አለ ላባ። «መኪናዋ ደህና ናት። እጄ ነው ያበላሸው።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ነኝ ማለት። መርፌ ግን ሽጉጡን ያይ ነበር። አፈሙዙ ከሴትዮዋ ጎን እስኪነሣ ጠበቀ።

ተነሣ። ወደ ላባ ማጅራት ዞረ።

ተኩሱ ጠባቡን መኪና ሞላው።

መርፌ በመቀመጫው ላይ ተወርውሮ የጋሼን እጅ ያዘ። ሁለተኛው ጥይት ጣሪያውን በሳ። በሮቹ ከውጭ ተከፈቱ። የብዙ ሰው እጅ ገባ። ሴትዮዋን አወጧት፤ ጋሼን በፊቱ አስተኙት። መርፌንም ከጋሼ ጋር በካቴና አሰሩት፤ የሚያይ ሰው ከጋሼ ሰዎች አንዱ እንዲለው። ሲወስዱት ላባን አየው። ጭንቅላቱ መሪው ላይ ነው፤ እጁ ከማርሹ ወርዷል።

አጎት የተያዘው ከዚያው ጠባብ መንገድ ሳይወጣ ነው። በጋዜጣ አልወጣም። በጤና ምክንያት ሥራ ለቀቀ ተባለ።

በስልክ ያነጋገረችው ሴት አንድ ጊዜ መርፌን አገኘችው። አዲስ መታወቂያ ሰጠችው፤ የማያውቀው ከተማ፣ የማያውቀው ስም። ስለ ላባ ጠየቃት። «የእነሱ ሰው አይደል እንዴ?» አለችው።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ መሰከረች። ጋሼ ተፈረደበት፤ ሽሮፑም ከየመደብሩ ተለቀመ። መርፌ ምስክርነቷን የሰማው አዲሱ ከተማ ውስጥ፣ በሚሠራበት የቀለም ሱቅ ሬዲዮ ነው። ሹፌሩ ሽጉጡን በመስታወት እንዳየ ሆን ብሎ መኪናዋን እንዳቆመላት ተናገረች። ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጎ እንደሞተላት። 

ውሸቱ ለሁሉም ተመቸ። ማርሹን ማን እንዳበላሸው የሚጠይቅ አልተገኘም። መርፌ የቀለም ጣሳውን ክዳን ሳያስፈልግ ከፍቶ መልሶ ዘጋ። ላባ ላይ የተለጠፈው ክብር መልካም ክብር ነው፤ የሚሸሽገው ግን መርፌን ነበር። እጁን ታጠበ። መልሶ ታጠበ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሱቁ ደጃፍ አሮጌ ታክሲ ቆመ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ፊቱ በላብ ተጥለቅልቋል።

«ወንድሜ፣ ከሁለት ወደ ሦስት አልገባ አለችኝ። ትንሽ ታውቃለህ?»

መርፌ የማርሹን ድምፅ ሰምቶ ነበር። የፍሪሲዮኑ ገመድ ላልቷል። በአንድ ቁልፍ የሚጠብቅ ነገር ነው።

«አላውቅም» አለ።

ወጣቱ አመስግኖ ገባ፤ ታክሲዋም በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸች መንገዱን ይዛ ሄደች።