ቡናማዋ ነጥብ

በጨዋማው ሜዳ ላይ በተሠራችው ከተማ ወላጅ ልጁን «ምን ተሰማሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ልጆች ማክሰኞ ማክሰኞ በትምህርት ቤት ቅርጽ የሌለው ሥዕል ይሥላሉ። ቀለም ፈቺው፣ ማለትም መስመርና ቀለም አይቶ የሣዩን ስሜት የሚናገረው መሣሪያ፣ ለወላጅ ይነግራል።

የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ዘርፌ የመሣሪያውን የመስታወት ዓይን በየቀኑ ትወለውላለች። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች አራት ወሯ ነው። ያን ቀን ረፋድ ላይ በእጇ የያዘችው ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ለቅማ አነበበች። «የወለል ሰም።»

ደግማ አነበበችው። ማንበብ አልችልም ማለት አሳፍሯት ጠርሙሱን በግምት ነበር የምታነሳው። መስታወቱን በንጹሕ ጨርቅ ስትጠርገው ጨርቁ ቢጫ ሆነ።

ቀለም ፈቺው ቢጫን «ደስታ» ብሎ ይፈታል። ከአሥር ቀን በፊት የልጇን የኤልዳናን ሥዕል አይቶ «ለመሄድ ጓጉታለች» ብሎ ነበር። ዘርፌም እሱን አምና በጨረቃው አዳሪ ትምህርት ቤት ውል ላይ አሻራዋን አኖረች። ለሦስት ዓመት። መንኮራኩሯ የምትነሳው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

«ጋሽ ድንቁ፣ ዓይኑን ያሳወርኩት እኔ ነኝ» አለች ለቴክኒሻኑ።

ጠርሙሱን አዩት። «ስንት ቀን ሆነው?»

«ወር ሊሞላው ነው።»

«እኔ ደግሞ ከተማው ምነው እንዲህ ደስ አለው እያልኩ ነበር» አሉ። ግን አልሳቁም።

ዓይኑን አጽድተው የኤልዳናን ሥዕል አሳዩት። መሣሪያው «መስመሩ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ወደ ተነሳበት ይመለሳል። ግራጫ ይበዛል። ፍርሃት» አለ። «ቡናማዋ ነጥብ ትርጉም የላትም።»

ዘርፌ ሥዕሉን ይዛ ወደ መሳፈሪያው ሮጠች። ኤልዳና ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?»

ልጅቷ የእናቷን ራስ ቀና ብላ አየች። «ሻሽሽ ናት።»

መስመሩ ሦስቴ የሚመለሰው ወደዚያች ነጥብ፣ ወደ እናቷ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። የጠየቅሽው እሱን ነው።»

ዘርፌ ልጇን ሳታሳፍር እቅፍ አድርጋ ቆመች። መሣሪያውን አምነው ልጆቻቸውን ያሳፈሩ ሌሎች እናቶች መኖራቸው ትዝ ያላት መንኮራኩሯ ከተነሳች በኋላ ነው።

ጋሽ ድንቁ «መልእክት እንላክ» ቢሏትም እምቢ አለች። የተሳፈሩትን ልጆች ዝርዝርና ሥዕሎቻቸውን ተቀብላ፣ ጣቷን ከስሞቹ ሥር እያስኬደች፣ የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። አረንጓዴ በር ነበር።

የከፈተችው ሴት ሁሉንም ሰማች። «ጓጉቷል ብሎኝ እኮ ነው የላክሁት» አለች።

«መንኮራኩሯ በወሩ ትመለሳለች፤ ያኔ ልጁን ማምጣት ይቻላል» አለች ዘርፌ ዓይኗን ሰብራ። «እስከዚያ ግን እህቴ፣ ነይ ሥዕሉን አብረን እንየው።»

ደፉ ላይ ተቀመጡ። ከብዙ ግራጫ መሀል አንድ ቀጥ ያለ አረንጓዴ መስመር ነበር። ሴትዮዋ ጣቷን እላዩ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ በሯን አየች።