አርባ አንደኛዋ ሴት

መሪጌታ ገብረየሱስ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከቆጡ መሰላል ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። ማጅራታቸው ተሰንጥቋል። ለኢንስፔክተር ቤዛዊት የደወሉላት ጋሼ በላይነህ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ እናት አባቷን በልጅነቷ ስታጣ ቤታቸው አስጠግተው ያሳደጓት።

«ልጄ፣ ድረሺልኝ። የአርባ ዓመት ወዳጄ መሪጌታ ወድቆ ሞተብኝ» አሏት።

ጋፋት መንገድ ካለው የመሪጌታ ቤት እስክትደርስ እያለቀሰች መጣች። ስትገባ ግን ዕንባዋን ጠረገች። የመሪጌታ መነጽር ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ከበራው ላፕቶፕ ጎን ተቀምጧል። ያለ መነጽር አፍንጫቸውን የማያዩ ሽማግሌ መሰላል ምን ሊያስወጣቸው?

በደብረ ታቦር ዙሪያ ልጁን የሚድር ሁሉ ሰባት ቤት የሚያስቆጥረው እሳቸው ዘንድ ነበር። የትውልድ ሐረጉን ከደብተር ወደ ግል ዊኪ፣ ገጾቹ እርስ በርስ ወደተያያዙ የላፕቶፕ መዝገብ፣ ካዛወሩት ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ አለው፤ በገጹ ላይ የወገኑ ምልክትና ወደ ወላጆቹ የሚወስድ ማያያዣ ሰፍሯል። ማጣሪያ የሚባለው የፍለጋ ትእዛዝ ሲጻፍለት የተጠየቀውን ወገን ይዘረዝራል። የመጨረሻ ሥራቸው የአቶ ደምሴ ልጅ ሙሉቀንና የጋሼ በላይነህ ልጅ ገነት ነበሩ። ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

የሟቹ እኅት ፈንታነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ትደቃለች። «በሁለት ሰዓት ገበያ ወጣሁ፣ በአምስት ስመለስ ይኸው!»

«ትናንት ምን ይሉ ነበር?»

«‹አንዲት ሴት አስቸገረችኝ› ይሉ ነበር። በዚህ ዕድሜዎ ብዬ ብስቅባቸው፣ ‹የሞተች ናት፣ አንቺ ሞኝ› አሉኝ።»

አቶ ደምሴ ገና አቧራውን አላራገፈም። «እኔ ከንጋት ጀምሮ እብናት ከብት ገበያ ነበርሁ፤ በሬ የሸጠልኝን ሰው ጠይቂው። ደግሞስ ምን ጠብ አለኝ? ዝምድና የለም ተብሏል።»

«መሪጌታ ራሳቸው ነገሩዎት?»

«ኧረ በላይነህ ነው መልእክቱን ያመጣልኝ።»

ጋሼ በላይነህ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። «የፈንታነሽን እሪታ እስክሰማ ድረስ ከሐሙስ ወዲህ ይህን ደጅ አልረገጥሁም» አሉ። «ሐሙስ ማታ መሪጌታ የእኔንና የደምሴን ወገን አንድ ላይ አድርጎ አሳየኝ። አርባ አንድ ሰው! አንድም ስም ሁለት ጊዜ አልወጣም። ንጹሕ ነው ልጄ።»

ቤዛዊት ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። ዝርዝሩን ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከዚያም ሌላ ማጣሪያ ጻፈች። ያነበበችውን ማመን አልፈለገችም።

በዘጠኝ ሰዓት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«መሪጌታ ከመሰላል አልወደቁም፤ መነጽራቸውን አውልቀው መሰላል አይወጡም» አለች። «አሁን ዝርዝሩን እዩ። የሙሉቀን ወገን ሃያ ሁለት፣ የገነት አሥራ ስምንት፤ ባንድ ላይ አርባ። ዝምድና የለም ማለት ነው። ግን ይህ ዊኪ ስሙ ተጠርቶ ገጹ የጠፋውን ሰው የሚያወጣ ማጣሪያ አለው። ብጠይቀው አንዲት ሴት ሰጠኝ፦ አመተማርያም። ሁለት ባል አግብታ ነበር። ከአንደኛው የወለደችው የሙሉቀን ወገን ነው፣ ከሌላኛው የወለደችው የገነት። ገጿን ሰው ሰርዞታል፤ በልጆቿ ገጽ ላይ ግን ስሟ ቀርቷል። በሁለቱም በኩል ስድስተኛ ቤት ናት፤ ሰባት አልሞላም።»

ደምሴ አማተበ።

«እሷ ስትመለስ ሃያ ሦስትና አሥራ ዘጠኝ ይሆናል።»

«አርባ ሁለት» አለች ፈንታነሽ።

«እሷ ሳትሰረዝ ማጣሪያው ግን አርባ አንድ ነበር የሚለው። ሁለት ማጣሪያ ተከታትሎ ሲጻፍ ያገኙትን ባንድ ያፈሳል፤ በሁለቱም ያለውን ሰው ግን አንዴ ብቻ ያወጣል። ስም አለመደገሙ ስለ ዝምድና ምንም አይናገርም። የጋራውን ብቻ ለማየት በሁለተኛው ፊት የመደመር ምልክት ያስፈልጋል። እዚህ መደመር አያበዛም፣ ያጠብባል። መሪጌታም ትናንት ያስቸገረቻቸውን አመተማርያምን ዛሬ ያረጋገጧት እንዲያ አድርገው ነው።»

ገጹ ላይ የተመዘገበውን ሰዓት በጣቷ ጠቆመች። «ሁለቱን ወገን የሚያጣምረው ገጽ የተፈጠረው ዛሬ በሦስት ሰዓት ከአሥር ነው። ሐሙስ አልነበረም። በሦስት ተኩል አመተማርያም ተሰርዛ ፋይሉ ተቀምጧል፤ ከዚያ ወዲህ አርባ ነው። አርባ አንድን ማየት የሚችለው በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች እዚህ የቆመ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም «አርባ አንድ ሰው!» ወዳሉት ወደ ጋሼ በላይነህ ዞሩ። የደነገጠ ሰው መቀነስ ይረሳል፤ የሒሳብ መምህርም ቢሆን።

«ገነት አርግዛለች» አሉ ጋሼ በላይነህ። «አጥፋው ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ታቦት ፊት ቆሜ አልዋሽም› አለኝ። ገፋሁት... የመደቡ ድንጋይ አገኘው። መሰላሉን በኋላ ነው ያመጣሁት።»

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!» ብላ ጮኸች ፈንታነሽ። «አርባ ዓመት ባንድ ገበታ በልታችሁ!»

ቤዛዊት ከፊታቸው ቆመች። «ድምር ሲነገርሽ ራስሽ ሳትደምሪ አትቀበይ ብለው ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት። ታዲያ ከሰው ሁሉ ለምን እኔን ጠሩኝ?»

መሬት መሬቱን አዩ። «ያሳደግኋት ልጅ ናት፣ እኔን አትቆጥርም ብዬ።»

ከሁሉም ያንገበገባት ይህ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ያለቀሰችው ለእሳቸው ኀዘን ነበር። የእጅ ሰንሰለቱን ከወገቧ ፈታች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜም ጋሼ ሳትል ጠራቻቸው።

«አቶ በላይነህ፣ እጅዎን ይስጡኝ።»