የወንዝ ማዶ ወንበር

ዘሩ የተገኘው በአገኘሁ እርሻ ላይ፣ ሂላ በሚሉት የቆመ የሰሊጥ ነዶ ክምር ውስጥ ነው። አናቱ በፌሮ ብረት ተፈርክሷል። የመተማ ፀሐይ በጠዋቱ ትጠብሳለች፤ ዝንቡም ከፖሊስ ቀድሞ ደርሷል።

ኢንስፔክተር የዓለምወርቅ ሬሳውን በዓይኗ ገረፍ አድርጋ ነዶውን አንስታ መዘነችው።

«ማን አገኘው?»

«ያገኘውም የገደለውም እሱ ነው!» አገኘሁ ከግንድ ጋር ወደታሰረው የቀን ሠራተኛ ጣቱን ቀሰረ። «ቢሆነኝ፤ የወንዝ ማዶ ሰው!»

«ማን ገደለው አላልሁም። አፍዎን ይሰብስቡ።»

ዘሩ የቀበሌውን ምርጫ ክልል እንደገና እንዲያካልል የተመረጠ ሰው ነበር። የወንዝ ማዶ ሕዝብ ከገበያው ሰፈር ይበልጣል፤ የምክር ቤት ወንበሩ ግን ያንሳል። ዘሩ አንዱን ወንበር ወደ ወንዝ ማዶ የሚያሻግር መስመር አሰመረ። ወንበሩ የአገኘሁ ነው። ምክር ቤቱ በዚህ ላይ ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ ዛሬ ነው፤ ገዳዩ የወንዝ ማዶ ሰው ከተባለ መስመሩ አበቃለት።

«ከዘሩ ጋር በምን ተጣላህ?» አለችው ቢሆነኝን።

«መታወቂያ የለህም ብሎ ከነዋሪ አልቆጠረኝም፤ ሰደብሁት እመቤቴ። ዛሬ ላራግፍ ነዶ ባነሳ እግሩን አየሁ። ብጮህ አሰሩኝ።»

«ነዶው እንዴት ነበር?»

«ቀላል፤ ባዶ አገዳ።»

«ማን አራገፈው?»

«እንጃ። እኛ ዛሬ መጀመራችን ነው። ሸራውንም አቶ አገኘሁ አሁን ነው ከመኪናቸው ያወረዱልን።»

መስመሩ ግቢያቸውን ለሁለት ስለከፈለው ዘሩን «እጅህ ይቆረጥ» ብለው የረገሙ ባልቴትም ከተሰበሰበው ሰው መሀል አሉ፤ እማማ አየሁሽ።

«እርስዎስ ገደሉት?»

«ብገድለው ወንዝ እጨምረው ነበር! የሰው ነዶ ሳቆም ልዋል?»

የዓለምወርቅ ሁሉንም ምክር ቤቱ ወደተሰበሰበበት መጋዘን ነዳቻቸው።

«የደረሰ ሰሊጥ አፉ ክፍት ነው፤ ነዶውን ከነካኸው ይዘረገፋል። ሬሳው ላይ ግን አንዲት ፍሬ የለችም። ገዳዩ ሰውዬውን ጥሎ፣ ሸራ አንጥፎ፣ ነዶውን ገልብጦ አራገፈ፤ ከዚያ ባዶውን አገዳ ሬሳው ላይ አቆመ። የተራገፈ አገዳ ይቃጠላል፤ ዘሩም አብሮ ሊነድ ነበር። ቢሆነኝ ግን ሳያውቅ ከዚያው ሂላ ጀመረ። እሱ ሸራ ከየት ያመጣል? እማማስ ለሰው ሰሊጥ ምን አሳሳቸው? ሸራውም ሰሊጡም ያንተ ነው፣ አገኘሁ።»

«ታዲያ መሬት ላይ ይፍሰስ?» አገኘሁ አመለጠው። «የዓመት ልፋቴ ነው!»

«የዘሩ አንጎልስ?»

ካቴናው ገባለት፤ ቢሆነኝም ተፈታ።

እማማ አየሁሽ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሊቀመንበሩ አንዱአምላክ ጠረጴዛውን መታ።

«ወደ አጀንዳችን። ነባሩ መስመር ይጽና የምትሉ?»

እጆች ወጡ።

«የዘሩ መስመር ይሁን የምትሉ?»

የወንዝ ማዶዎቹ እጅ ወጣ፤ ከገበያው ሰፈርም ፍርድ የገባቸው ጨመሩ። እኩል ለእኩል ሆነ።

«አንድ አባል ድምፅ አልሰጠም» አለ ሊቀመንበሩ።

«ነፍሰ ገዳይ ነው!» ጮኹ እማማ አየሁሽ።

«እስኪፈረድበት አባል ነው።»

አገኘሁ ሁለቱን እጆቹን ከነካቴናው ወደ ላይ አነሳ።

«ለነባሩ» አለ።

አንዱአምላክ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «እንደ አንድ ይያዝ። ጸድቋል።»