የዘመድ ዋጋ

ባቱሊ አንድ ክፉ አመል ነበረባት፤ እንግዳ ገንዘቡን በከንቱ ሲያፈስ ቆማ ማየት አይሆንላትም። ይህ አመል ባለሱቅን እንኳ ያከስራል። እሷ ደግሞ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ያውም የገዛ አክስቷ ሆቴል።

አክስቷ፣ አገሬው በአክብሮት ቢ ሻምሳ የሚላቸው፣ በላሙ ደሴት፣ ከወደቡ ፊት ለፊት፣ በድንጋይ የተሠራ ባለ ስምንት ክፍል ሆቴል ነበራቸው። እሳቸው ከፎቅ ሆነው «ባሕር የሚያየው ክፍል ተያዘ?» ብለው ሲጣሩ፣ ባቱሊ ታች የሹክሹክታ ሥራዋ ላይ ናት።

«ባሕር ለማየት ብለሽ ለምን ትከፍያለሽ?» ትላለች አንዷን እንግዳ። «በረንዳው ላይ ቁጭ ብለሽ በነጻ እዪው። ይልቅ ከኋላ ጣሪያው ላይ ያለችውን ክፍል ያዢ፤ ነፋሱ እዚያ ይሻላል፣ ዋጋዋም ዝቅ ያለ ነው። ቁርስ እዚህ አትብዪ። መታጠፊያው ላይ ማማ ሩቂያ ማሃምሪ የሚባለውን የዘይት ዳቦ ይጠብሳሉ፤ ትኩስ ትኩሱን በኮኮናት ከተሠራ አተር ጋር ከበላሽ እስከ ማታ አይርብሽም። ጀልባ ለብቻሽ እንዳትከራዪ፣ ሲሚንቶ ከሚጭነው ጋር ተሳፈሪ። አስጎብኚም አያስፈልግሽ። እዚህ አገር መንገድ የጠፋበት ሰው አህያ ተከትሎ ይመለሳል።»

«አንቺ የሆቴሌ ምስጥ!» ይላሉ ቢ ሻምሳ የደረሱባት ቀን። «እኔ ስገነባ አንቺ ከሥር ትበዪኛለሽ!»

«ኧረ አክስቴ፣ የተደሰተ እንግዳ ተመልሶ ይመጣል።»

«ይመጣል እንጂ! ተመልሶ መጥቶ ማማ ሩቂያ ጋ ይበላል!»

ሻይቡ የመጣው በግንቦት ነበር፤ ዝናቡ ቀንና ሌሊት የሚወርድበት፣ ሆቴሉም ጭር የሚልበት ጊዜ። የቀለም ቆርቆሮዎቹን በገመድ አስሮ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ከፀጉሩ ውኃ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመ። ታንጋ ተወልዶ ሞምባሳ ያደገ ልጅ ነው። በዝናቡ ወራት የላሙ ጀልባዎች ከባሕር ወጥተው ይጠገናሉ፤ የሚቀባቸውና ስማቸውን የሚጽፍላቸው እሱ ነው። ባለጀልባዎቹ ደግሞ የሚከፍሉት ጀልባው ተመልሶ ባሕር ሲገባ ብቻ ነው።

«ክፍል ይኖራል?»

«ስምንቱም አሉልህ። ብልህ ነህ፣ በዝናብ መጣህ። በታኅሣሥ ብትመጣ ዋጋው ያስለቅስህ ነበር።»

«አሁንም እንዳያስለቅሰኝ ነው የምፈራው።»

ባቱሊ ሳቋን መያዝ አቃታት። የጣሪያዋን ክፍል ዋጋ ነገረችው። ፊቱ ላይ ደመና መጣ። ስለ ማማ ሩቂያ አተር ነገረችው፣ ስለ ሲሚንቶው ጀልባ ነገረችው፤ በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ በትሕትና ጠየቃት።

«የመስጊዱ በረንዳስ ስንት ነው?»

ይህን ብሎ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ባቱሊ ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ያደረገችው ለገንዘቡ አዝናለት ብቻ ነው ቢሉኝ እኔ አላምንም።

«ስማኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አክስቴ ከዘመድ ሙሉ ዋጋ ተቀብለው አያውቁም። በግማሽ ያሳድራሉ፤ ከቤተሰቡ ገበታም ያበላሉ። የእኛ ዘር ከፋዛ መንደር ነው። እናቴ የፋዛ ሰው ናት በላቸው፤ በቃ።»

«እናቴ እኮ የታንጋ ሰው ናት።»

«በታንጋ ዋጋ አይቀነስም!»

ቢ ሻምሳ ከደረጃው ሲወርዱ ተሰሙ። ዘር በመቁጠር እሳቸውን የሚያህል በደሴቲቱ ላይ የለም፤ ሰባት ቤት ቆጥረው የማያገኙት ዘመድ የላቸውም ይባላል።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

ሻይቡ ወደ ባቱሊ ሰረቅ አድርጎ አየ። «እናቴ… የፋዛ ሰው ናት።»

ቢ ሻምሳ ቀረብ አሉ። አገጩን ይዘው ፊቱን ወደ ብርሃን አዞሩት።

«እነዚህን ጆሮዎች አውቃቸዋለሁ! ወላሂ የዘይቱኒ ጆሮዎች ናቸው! የዘይቱኒ ልጅ ነህ አይደል? ሞምባሳ ሄዳ የቀረችብኝ የዘይቱኒ?»

ሻይቡ «እኔ…» ብሎ ጀመረ። አሮጊቷ እስኪጨርስ አልጠበቁም። እንደ ረጠበ አቅፈው እያገላበጡ ሳሙት፣ አለቀሱ። «ከእህት የምትበልጥብኝ ጓደኛዬ! ስንት ዓመት ሙሉ ሞምባሳ የሄደውን ሁሉ ስጠይቅ! ለመሆኑ እናትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አለ ሻይቡ። የራሱ እናት ደህና ነበሩና ይህቺ እንኳ ውሸት አልነበረችም።

ባቱሊ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሷ ያሰበችው ስሙ የማይታወቅ የሩቅ ዘመድ ነበር፤ ዘይቱኒን ከየት አመጡባት!

«ልንገራቸው» አላት ሻይቡ ብቻቸውን ሲሆኑ።

«እንዴት አድርገህ? ሲያለቅሱ አላየህም? ሥራህን ጨርሰህ ትሄዳለህ፤ ነገሩም ይረሳል።»

የተረሳ ነገር ግን አልነበረም። ቢ ሻምሳ ጠዋት ጠዋት ለ«ዘይቱኒ ልጅ» የዓሣውን ወፍራም ሥጋ መርጠው ያወጡለታል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይበላል።

ሌላም የሚገርም ነገር መጣ። ባቱሊ እስከዚያ ቀን ድረስ ከወንድ ጋር ገበያ እንኳ ወጥታ አታውቅም፤ አክስቷ ዓይናቸው ከእሷ ላይ ተነስቶ አያውቅም። አሁን ግን «ለሻይቡ ምሳውን አድርሺለት» ይላሉ። «እስቲ ልጁን ሼላ ባሕር ዳር ወስደሽ አሸዋውን አሳዪው» ይላሉ።

«እኔና እሱ ብቻችንን?»

«ታዲያ ከማን ጋር ልትሄዱ ኖሯል? ሂዱ አታስቸግሩኝ!»

ባቱሊ ልቧ በደስታ ዘለለ። አክስቴ መርጠውልኛል ማለት ነው ብላ ደመደመች። ሌላ ምን ትበል?

ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ እሱ ጀልባ ሲቀባ አጠገቡ ትቀመጣለች። እሱ ብሩሹን ይዞ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ መስመሩን ሲለካ ታየዋለች፤ ሲዞር ባሕሩን የምታይ ትመስላለች። አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ ሼላ አሸዋው ላይ ጫማቸውን አውልቀው ሲሄዱ፣ ሻይቡ ቆም አለ።

«አንድ ምክር ልጠይቅሽ ነው፣ መካሪዋ።»

«ጠይቅ።»

«ሰው እዚህ ሆቴል ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ በርካሽ መኖር ቢፈልግ ምን ማድረግ አለበት?»

«የቤቱን ልጅ ማግባት ነዋ!»

አፏ አመለጣት። በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው፤ ምን ዋጋ አለው፣ ቃሉ ወጥቷል። ሻይቡ አልሳቀም። ጆሮዎቹ እስኪቀሉ ድረስ ደነገጠ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ።

«ከምክሮችሽ ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው» አለ። «ባቱሊ፣ እኔ እኮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የወደድኩሽ። ገና ስለ አተሩ ስትነግሪኝ።»

«ስለ አተሩ?»

«አዎ። እንደዚያ ተጨንቃ ስለ አተር የነገረችኝ ሴት የለችማ።»

«እኔም ወድጄሃለሁ» አለችው። «እኔ ግን የመስጊዱን በረንዳ ዋጋ ስትጠይቀኝ ነው።»

በነጋታው ሻይቡ ሸሚዙን ቀይሮ ቢ ሻምሳ ፊት ቀረበ። ኮኮናት እየፈቀፈቁ ነበር። ባቱሊን እንደሚፈልግ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ፈቃዳቸውን እንደሚጠይቅ ነገራቸው። አሮጊቷ መጀመሪያ የቀለደ መስሏቸው ከት ብለው ሳቁ። ቀና ብለው የሁለቱን ፊት ሲያዩ ግን ኮኮናቱ ከእጃቸው ወደቀ።

«አስተግፊሩላህ! የጡት እህትህን?»

«የምን የጡት እህት?» አለች ባቱሊ።

«አንቺ ስትወለጂ እናትሽ በትኩሳት ወደቀች፣ ወተቷም ነጠፈ። አርባ ቀን ሙሉ በአንዱ ጡቷ ልጇን፣ በአንዱ አንቺን ያጠባችሽ ዘይቱኒ ናት! አንድ ጡት ጠብታችኋል፤ በሃይማኖታችን ወንድምና እህት ናችሁ። እንዴት ተደርጎ ነው ጋብቻ? አንቺ ደደብ፣ ከእሱ ጋር ስትዞሪ ዝም ያልኩሽ ለምን መሰለሽ? ወንድሟ ነው ብዬ እኮ ነው!»

ባቱሊ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ዝም ካሉ ዕድሜ ልካቸውን ወንድምና እህት ሆነው መቅረታቸው ነው። ከተናገሩ ደግሞ ለእኒህ ሴት ዘይቱኒን ሁለተኛ ሊያሳጧቸው ነው፤ የገዛ ገበታቸው ላይ ሲዋሹአቸው እንደኖሩም ሊነግሯቸው ነው። ቀድማ ልትናገር ስትል ሻይቡ ቀደማት።

«ቢ ሻምሳ፣ እኔ የዘይቱኒ ልጅ አይደለሁም። ዘይቱኒን አይቻት አላውቅም። እናቴ የታንጋ ሰው ናት። የዘመድ ዋጋ ለማግኘት ብዬ ነው የዋሸሁት።»

«ምክሩ የእኔ ነው!» አለች ባቱሊ እያለቀሰች። «አክስቴ፣ እሱ አላጠፋም፤ በል ያልኩት እኔ ነኝ!»

ቢ ሻምሳ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

«ዘይቱኒስ? በሕይወት አለች?»

«አላውቅም፣ እናቴ።»

«ቸገረኝ ብትለኝ እኮ በነጻ አሳድርህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ያዘንኩት ለዋጋው መሰለህ? ዘይቱኒን አግኝቻት ነበር። ጠዋት ስነሳ ደህና ናት እያልኩ ነበር የምነሳው። በል፣ ከቤቴ ውጣልኝ።»

ሻይቡ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በጀልባ ሄደ። ባቱሊ ወደቡ ድረስ ሮጣ ደረሰችበት።

«እመለሳለሁ» አላት።

«ሁሉም እንግዳ እንደዚህ ይላል።»

«እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?»

ይህን ሲል ጀልባው ተነሳ።

ከዚያ ወዲያ ባቱሊ ባቱሊ አልሆነችም። «ቁርስ የት ይሻላል?» ሲሏት «እዚሁ» ትላለች። ባሕር የሚያየውን ክፍል ያለ አንዲት ሹክሹክታ በሙሉ ዋጋ ታከራያለች። ሆቴሉ እንደዚያ ገቢ አግኝቶ አያውቅም፤ ቢ ሻምሳ ግን ገንዘቡን ትተው ፊቷን ፊቷን ያዩ ጀመር።

«ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?»

«አላመመኝም፣ አክስቴ።»

«እስቲ አንዱን እንኳ ማማ ሩቂያ ጋ ላኪው» አሉ በልመና።

ዝናቡ አልቆ ሰማዩ በጠራበት አንድ ጠዋት፣ ከደጅ አንድ የሴት ድምፅ ሠፈሩን አናወጠው።

«ቤቶች! ኧረ ቤቶች! ሻምሳ የምትባል ኮኮናት መፈቅፈቅ የማትችል ሴት እዚህ አለች?»

ቢ ሻምሳ ፎቅ ላይ ነበሩ። ድምፁን ሲሰሙ ጫማቸውን ሳያደርጉ፣ እግራቸው ያማቸው መሆኑንም ረስተው ደረጃውን ወረዱት። በሩ ላይ አንዲት ክብ አሮጊት የሻይቡን ክንድ ተደግፈው ቆመዋል። ሻይቡ ከስቷል፤ ጫማው አልቋል። ዓይኑ ግን ባቱሊን እየፈለገ ነው።

ሁለቱ አሮጊቶች ተያዩ። ተቃቅፈው ቆሙ፣ ረጅም ጊዜ። ባቱሊም ሻይቡም መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

«የዚህን ልጅ ጉድ ስሚልኝ!» አሉ ዘይቱኒ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሞምባሳ ውስጥ ያለን የፋዛ ሰው ሁሉ በየበሩ ሲጠይቅ ከርሞ፣ ዓሣ ጠብሼ የምሸጥበት ድረስ መጣና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እናቴ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም› አይለኝም! የእኔው ልጅ አጠገቤ ቆሞ፣ ታዲያ እኔ መቼ ነህ አልኩህ?»

ሁሉም ሳቁ። ቢ ሻምሳ ግን ሳቃቸውን ቶሎ ዋጡና ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

ዘይቱኒ ሻሻቸውን አስተካክለው ወንበር ላይ ተሰየሙ። «በይ እንግዲህ፣ ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት። ያጠባኋትን ልጅ፣ ላላጠባሁት ልጅ ስጪኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ አላጠባሽውም?»

«ወላሂ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ!»

«ሞምባሳ ከገባሽ በኋላስ? ጎረቤት ታሞ፣ ሕፃን አልቅሶ፣ ለአንድ ቀን እንኳ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እሱ ታንጋ ላይ ሲጠባ እኔ እዚህ ካንቺ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር!»

«በአባቱ በኩልስ? በአያቱ? በአማች እንኳ አይደርሰንም?»

«ቆጠርኩት፣ ቆጠርኩት፣ አንድም ቦታ አይነካንም። የማንም አይደለም!»

ቢ ሻምሳ ወደ ሻይቡ ዞሩ። ቀና አድርገው፣ ጆሮውን ሳይቀር፣ በደንብ አዩት። ከዚያ በባዶ እግራቸው ወደ ደጅ ወጡና ወደቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ ድረስ እልልታቸውን አቀለጡት።

«እልልልል! ስሙልኝ ጎረቤቶቼ! ባዕድ ነው! ልጄን የሚያገባት ፍጹም ባዕድ ነው!»

ማማ ሩቂያ መጥበሻቸውን ጥለው በእልልታ ተቀበሏቸው። ባለጀልባዎቹም፣ የተደረገውን የማያውቁት መንገደኞችም ተቀበሏቸው። ላሙ ውስጥ ሰው ባዕድ በመሆኑ እልል ሲባልለት ያ የመጀመሪያው ነበር።