አንድ ፎቅ ብቻ

«አገሬ ከዛሬ ጀምሮ ድርሻዋን አትከፍልም» አለና ፍራንቼስኮ ማይክራፎኑን አጠፋው።

ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ሊስቅ ሞከረና የሚያስቀው ነገር ሲጠፋበት ተወው። ሳብሪና እጇን ወረቀቷ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የለፋችበት የአንበጣ መከላከያ ስምምነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ገደል ገባ።

ነገሩ የተማሪዎች ጨዋታ ነው፤ ግን ማንም እንደ ጨዋታ አልያዘውም። ከሮም ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ አገር በዕጣ ይደርሳቸዋል፤ ከዚያ እንደ ዲፕሎማት ይከራከራሉ። ለሳብሪናና ለጓደኛዋ ለጄሲካ ጅቡቲ ስትደርሳቸው ክፍሉ ሁሉ አውካካ። ለፍራንቼስኮ ደግሞ አንዲት ትልቅና ሀብታም አገር ደረሰችው። ስሟን መጥራት አያስፈልግም፤ ቢጤዎቿ ሞልተዋል። ዕጣም እንደ ሰው ያዳላል እንዴ!

ሳብሪና ብድግ አለች። «ፕሮፌሶሬሳ፣ እንዲህ ይቻላል? ሁለት ቀን ሙሉ እከፍላለሁ ሲል ነበር እኮ!»

ጉባኤውን የሚመሩት መምህርቷ ፕሮፌሶሬሳ አና መነጽራቸውን አወለቁ። «ይቻላል። ዜና አትሰሙም? ትልልቆቹ ቦርሳቸውን እየዘጉ ነው። ሀብታሙ ይከፍላል፣ ድሃው ይፈርማል የሚባለው የድሮው መንገድ እያበቃለት ነው። ነገ በአምስት ሰዓት እንገናኛለን። ሌላ መንገድ ያለው ይዞ ይምጣ።»

ሌላ መንገድ! እንደ ዳቦ ከሱቅ የሚገዛ ይመስል።

ሳብሪናን ያንገበገባት ስምምነቱ ብቻ አልነበረም። አሸናፊዎቹ ሁለት ተማሪዎች በሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ ወደሚደረግ የወጣቶች ጉባኤ ይላካሉ። አያቷ አቶ ኪዳነ ያሉት አዲስ አበባ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የምታውቃቸው በስልክ ብቻ ነው፤ ያውም ስልኩን አዘቅዝቀው ስለሚይዙት ግማሹን ጊዜ የሚታያት ግንባራቸው ነው። በልደቷ ቀን «ቁመትሽ የት እንደደረሰ እንኳ አላውቅም እኮ» ብለዋት ነበር። ያቺ ቃል ሆዷ ውስጥ ቀርታለች።

ትራም ሲጠብቁ ጄሲካ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«አይዞሽ፣ እኔ መላ አለኝ።»

ከቦርሳዋ አንድ ነጭ ፖስታ አወጣች። ሳብሪና ፖስታውን ታውቀዋለች። አዘጋጆቹ በየመሃሉ ለየአገሩ እንዲህ ያለ የታሸገ ፖስታ ይሰጣሉ፤ ውስጡ የተጻፈው ሁሉ ለጨዋታው እንደ እውነተኛ ዜና ይቆጠራል።

«መቼ ሰጡን?»

«አልሰጡንም። ባዶውን ከጠረጴዛቸው ላይ አነሳሁት። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ጄሲካ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ትልቅ ባንክ ወጪውን በሙሉ ለጅቡቲ ሊሸፍን ቃል ገብቷል ይላል።»

«ጄሲ፣ ይሄ ውሸት ነው።»

«ዲፕሎማሲ ነው! ማን ያጣራል? ሁሉም ይፈርማል፣ እናሸንፋለን፣ አያትሽን ታቅፊያለሽ። ለኬንያና ለሶማሊያ ልጆች ነግሬያቸዋለሁ።»

«ነግረሻቸዋል? ሳትጠይቂኝ?»

«ለማን ብዬ ያደረግሁት መሰለሽ?» አለች ጄሲካ፤ ድምጿ ውስጥ ቅያሜ ነበረበት። ትራሙ መጣ። እውነቱን መናገር ካስፈለገ ሳብሪና «አይሆንም» አላለችም።

ቤት ስትደርስ እናቷ ወይዘሮ ሶፊያ የሥራ ጓንት እየቆጠሩ ነበር። ይኼ መቼም ጥሩ ምልክት አይደለም።

«አሎራ፣ እንግዲህ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፒኜቶ ሰፈር ነን። ወዳጃችን ኣስገደት አዲስ ቤት ትገባለች።»

«ማሚ! ነገ እኮ ጉባኤ አለኝ!»

«በአምስት ሰዓት አይደል? እስከዚያ ያልቃል። ስምሽን ሰጥቻለሁ።»

«ሳትጠይቂኝ?» በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ! ዛሬስ ሰው ሁሉ ምን ነካው?

«እኛ እዚህ ስንገባ ያንን ቁም ሳጥን ማን ተሸከመልን? ወንፈል ነው የኔ እመቤት። ተራው ሲደርስ ይሄዳሉ።»

ገበሬ ለገበሬ ተራ በተራ እንደሚያርስና እንደሚያጭድ ሳብሪና ከእናቷ ስትሰማ ነው ያደገችው። ሮም ላይ የሚታጨድ ነገር ስለሌለ እነሱ የቤት ዕቃ ይሸከማሉ። ያስጠላታል። ቅዳሜ ሁሉ የሰው ፍራሽ!

በማግስቱ ፒኜቶ ሲደርሱ ሕንጻው አምስት ፎቅ ነበር፤ አሸንሶሬ፣ ማለት አሳንሰር፣ የለውም። እትዬ ኣስገደት በር ላይ ቆመው የሚመጣውን ሁሉ እየሳሙ ያለቅሳሉ፣ ወዲያው ደግሞ ይስቃሉ። ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ሰላም ፓላስ በሚባል ሕንጻ ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረው በራሳቸው ስም የቤት ኮንትራቶ ሲፈርሙ ይኼ የመጀመሪያቸው ነው።

ሥራውን የሚያስተባብሩት አቶ ኣብሰሎም፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሰዉን በደረጃው ማረፊያ ሁሉ ላይ አሰለፉት። «ሕጉን ታውቃላችሁ! ማንም እስከ ላይ አይሸከም! ከታችህ ትቀበላለህ፣ አንድ ፎቅ ታወጣለህ፣ ለሚቀጥለው ታስረክባለህ። አንድ ፎቅ ብቻ!»

ለሳብሪና ሦስተኛው ፎቅ ደረሳት። ወንበር መጣ፣ ሄደ። ድስት መጣ፣ ሄደ። ከዚያ ፍሪጁ መጣና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተገተረ። እዚያ መቆም የነበረበት ሰው በድንገት ሥራ ተጠርቶ ቀርቷል። ከታች ያሉት «ያዙት!» ይላሉ፣ የሚይዝ የለም።

በዚህ መሃል የሁለተኛው ፎቅ በር ተበርግዶ ሲኞር ሳልቫቶሬ የሚባል ጎረቤት በነጠላ ጫማው ወጣ።

«ባስታ! በቃ! ቅዳሜ ነው! ሰው ይተኛ!»

ሰውዬው የተንጋደደውን ፍሪጅ አየ፤ ከፍሪጁ ስር ያሉትን ላብ ያጠመቃቸውን ሰዎች አየ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«እንደሱ አይያዝም! ልቀቁ፣ ልቀቁ!» ብሎ ትከሻውን ከስሩ አስገባ። «ከዚህ እስከዚያ ነው ግን! አንድ ፎቅ ብቻ!»

ማን ሕጉን ነገረው? ሳብሪና ሳቋ ፈነዳ። ሲኞር ሳልቫቶሬ እስከ መጨረሻዋ ካርቶን ድረስ ማረፊያውን አልለቀቀም፤ ጭራሽ ትእዛዝ መስጠት ጀመረ።

ዕቃው ሲያልቅ እትዬ ኣስገደት ውሃ ይዘውላት መጡ።

«እትዬ ኣስገደት፣ ለዚህ ሁሉ ሰው ምን ይከፍላሉ?»

«ምን ልክፈል የኔ ልጅ? በክፍያ ቢሆንማ ኖሮ ገና የዛሬ ዓመትም አልገባ! የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የኣብሰሎም ነው፤ እኔ ደግሞ እሱ ደረጃ ላይ እቆማለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል?»

«ሆን ብሎ የቀረ ሰውስ?»

«ሆን ብሎ የቀረማ ተራው ሲደርስ ዕቃው ደረጃ ላይ ያድራል። ለዚህ ነው ማንም የማይቀረው።»

ሳብሪና ውሃውን ሳትጨርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አንበጣም በነፋስ እየተገፋ ከየመን ወደ ሶማሊያ፣ ከሶማሊያ ወደ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ይሻገራል። እንደ ፍሪጁ፣ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው! ከተቀደደ ካርቶን ላይ ቁራጭ ገነጠለችና መጻፍ ጀመረች። ሰዓቷን ስታይ አራት ሰዓት አልፏል። ወደ ትራሙ በሩጫ ወረደች።

አዳራሹ በር ላይ ጄሲካ ፖስታውን ይዛ ትጠብቃታለች።

«የት ጠፋሽ? ልብስሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ፖስታውን ስጪኝ።»

ጄሲካ ሰጠቻት። ኬንያን የወከለው ቶማስ ከሩቅ አውራ ጣቱን አሳያቸው፤ አምኗቸዋል። ሳብሪና ፖስታውን አየችው። አንዴ በውሸት ያስፈረመችው ሰው ዳግመኛ ደረጃዋ ላይ አይቆምላትም።

«ጅቡቲ» አሉ ፕሮፌሶሬሳ አና።

ተነሳች። ፖስታውን ሁሉም እንዲያየው ከፍ አደረገች።

«ጅቡቲ ገንዘብ የላትም» አለች። «ገንዘብ ሊሰጠን ቃል የገባ ባንክም የለም። ይኼ ፖስታ ከአዘጋጆቹ የመጣ አይደለም። የሠራነው እኛ ነን።»

«እኛ» ነው ያለችው። ጄሲካ ቀና ብላ አየቻት።

«ውሸታሞች!» አለ ቶማስ ጠረጴዛውን እየመታ። አዳራሹ ተንጫጫ።

ፕሮፌሶሬሳ አና ጸጥ አሰኙት። «ሳብሪና፣ ይኼ ነጥብ ያስቀንሳል። ምናልባትም ከውድድሩ ያስወጣችኋል። ታውቂያለሽ?»

የአያቷ ግንባር ድቅን አለባት። «አውቃለሁ፣ ፕሮፌሶሬሳ። ግን ሌላ መንገድ ያለው ይዞ ይምጣ ብለውናል። እኔ ዛሬ ጠዋት ፍሪጅ ተሸክሜ ነው የመጣሁት።»

ሳቅ ሆነ። እሷም ሳቀችና ካርቶኗን አውጥታ ነገረቻቸው። ስለ ደረጃው፣ ስለ ማረፊያው፣ ማንም እስከ ላይ ስለማይሸከምበት ሕግ ነገረቻቸው። «ለጋሽ አንጠብቅ። እያንዳንዱ አገር የራሱን ማረፊያ ይጠብቅ፤ አንበጣው ሳይሻገር ለሚቀጥለው በዚያው ዕለት ይንገር፤ ያለውንም ያውስ። ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለኔ። ጅቡቲ ወደብ አላት። የአንበጣ መርጫው መድኃኒት የማንም ይሁን የማን ቅድሚያ አግኝቶ ይራገፋል። ይኼ የኛ ፎቅ ነው።»

የሶማሊያዋ ልጅ እጇን አነሳች። «የኛ አርብቶ አደሮች በየቦታው አሉ፣ ስልክም አላቸው። አንበጣውን ከማንም በፊት የሚያዩት እነሱ ናቸው። ይኼ ደግሞ የኛ ነው።» ኦማን የነፋሱን አቅጣጫ አሳውቃለሁ አለች። ኢትዮጵያ የሠለጠኑ አሳሾቼን ድንበር አሻግራለሁ አለች። ሁሉም ዞሮ ቶማስን አየው። ቶማስ ፊቱን እንዳጠቆረ «ሁለት የመርጫ አውሮፕላን» አለ። «ግን ከእንግዲህ ፖስታ የሚባል ነገር እንዳላይ!»

ፍራንቼስኮ ማይክራፎኑን አበራ። «የቀረ አገርስ ምን ይሆናል?»

«ሆን ብሎ የቀረማ፣ ተራው ሲደርስ አንበጣው እሱ ጋ ያድራል።»

ፍራንቼስኮ ወረቀቱን አገላበጠ። «ገንዘብ አልሰጥም፤ አልተፈቀደልኝም» አለ። «ሳተላይት ግን አለን። ምስሉን በየቀኑ ለሁላችሁም እንልካለን። እሱን ብቻ ግን! ሌላ እንዳትጠይቁን!»

ሲኞር ሳልቫቶሬ በነጠላ ጫማው ትዝ አላትና ሳብሪና አፏን በካርቶኑ ሸፈነች።

ከሃያ ሁለት አገር ሃያው ደገፈ፣ ሁለቱ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ የተቃወመ አልነበረም። ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ጮኹ፤ ሳብሪናም ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። ሦስት ሳምንት ያልሆነው በአንድ ሰዓት ሆነ! ፕሮፌሶሬሳ አና ለሐሰተኛው ፖስታ አሥር ነጥብ መቀነሳቸውን፣ ያም ተቀንሶ ጅቡቲ በሁለት ነጥብ አንደኛ መውጣቷን ሲናገሩ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። ሳብሪና «አባባ ኪዳነ!» ብላ ማንም ሳይሰማት ወደ ጣሪያው ተጣራች።

ከዚያ አንድ ቅጽ ሰጧት። የተጓዦች ስም የሚጻፍበት ሁለት መስመር አለው።

ጄሲካ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ጋ ደርሳለች። ሳብሪና ተከትላት ሄደች።

«የኔን ስም አትጻፊ» አለች ጄሲካ ዓይኗን ሳታነሳ። «ቦታውን ለቶማስ ስጪው።»

«በጣም ተናድጄብሻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ብትጠይቂኝ ኖሮ እምቢ እልሽ ነበር። ትናንት ደግሞ ዝም ማለት አልነበረብኝም። በራሴም ተናድጃለሁ።»

ሳብሪና ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፋ የራሷን ስም ጻፈች። ብዕሩ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ከስሩ የጄሲካን ጻፈች።

«ለምን?» አለች ጄሲካ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አቶ ኣብሰሎም ቤት ይቀይራሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚቆም ሰው የለንም።»

ጄሲካ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሕንጻው አሸንሶሬ የለውም?»

«የለውም።»

«ስንት ፎቅ ነው የምሸከመው?»

«አንድ ብቻ» አለች ሳብሪና፤ ቅጹን አጣጥፋም ለፕሮፌሶሬሳ ልትሰጥ ሄደች።