ከነሻካራው

«አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ። ድምፅ ባታወጪም እግዚአብሔር ልብሽን ይሰማል» አሏት የመዘምራኑ መሪ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ልጅቱን ወደ መስኮቱ ወስደዋት። «እሑድ የምንዘምረው አንቺ ከእሳት ስለ መዳንሽ ነው። ታዲያ መዝሙሩ እንዳይበላሽ ብዬ…»

«በእኔ ድምፅ» ብላ ጨረሰችላቸው።

መሪው መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሆስፒታል በተኛችበት ሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ብርቱካን ይዘው ይጠይቋት ነበር። ነገሩ የከበደባትም ለዚህ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። መዝሙር ደብተሯን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከእሳቱ በፊት ሁሉም «ወፌ» ነበር የሚላት። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ከፊት ቆማ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው እሷ ነበረች። ከስምንት ወር በፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እናቷ ገበያ ወርዳ እሷ ስፌት ቤቱ ውስጥ የጨርቅ ክምር ላይ ጋደም እንዳለች፣ ከኤሌክትሪክ ገመዱ እሳት ተነሣ። ጎረቤታቸው በያጁ የመስኮቱን ብረት ቆርጦ ጎትቶ አወጣት። አንገቷና ግራ እጇ ተቃጠሉ፤ ጭሱም ያንን የወፍ ድምፅ ይዞት ሄደ።

ሐኪሞቹ ቱቦውን ከጉሮሮዋ ባወጡ ቀን መጀመሪያ የተናገረችው «ተመስገን» የሚል ቃል ነበር። ዝገት የበላው በር ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ወጣት። ነርሷ ሳቀችም አለቀሰችም። ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ፣ የተረፈው ሁሉ ያንተ ነው» አለችው። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

«ነይ፣ ልበሺና ልየው» አለች እናቷ፣ ልጅቱ ከልምምድ ስትመለስ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ። የመዘምራን ልብሷን እየሰፋችላት ነበር። ኮሌታው ጆሮዋ ሥር ደረሰ። የሌሎቹ እንዲህ አልነበረም።

«እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ያምርብሻል ብዬ ነዋ።»

«እማዬ!»

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና አንገቷን ደፋች። «ሰው እንዳያፈጥብሽ ነው፣ ልጄ።»

«ሲያፈጡ ይዋሉ! የሚደክመው የእነሱ ዓይን ነው። ቆይ፣ የእሳቱ ዕለት ከገበያ ስትደርሺ ደጅ ላይ የጮህሽው ምን ብለሽ ነበር? ‹ጌታ ሆይ፣ የሚያምረውን ጎኗን ብቻ አውጣልኝ› ነው ያልሽው?»

«ምን ማለትሽ ነው! ሙሉሽን ነው እንጂ የለመንኩት።»

«ሙሉዬን ነዋ የሰጠሽ። ታዲያ እኔ ስሰጠው ቀንሼ ነው? አንገቴን በኮሌታ ሸፍኜ፣ ድምፄን ዘግቼ… ምን ተረፈኝ? ጫማዬን ልስጠው?»

እናቷ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሳቅ ቀደማት። ከሳቁ ኋላ እንባ መጣ። እንባዋን ሳትጠርግ መቀሱን አነሣችና ኮሌታውን መተርተር ጀመረች።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ልጅቱ የድሮ ቦታዋ ላይ ከፊት ቆመች። መሪው እጃቸውን ሲያነሡ ዘመረች። ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። አጠገቧ ያሉት ዞር ዞር አሉ፤ አንዷ «ኧረ ሼም ነው» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። መሪው መዝሙሩን አቆሙት።

«ተነጋግረን ነበር እኮ።»

«ተነጋግረናል፣ ጋሼ። እሺ ግን አላልኩም።»

«ለአንቺ አስቤ ነው። ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ! ከእሳት ያወጡኝ እነሱ አይደሉም። ላወጣኝ ደግሞ አፌን ብቻ እያንቀሳቀስኩ አላስመስልበትም። ድምፄ ሻካራ ነው፤ አውቃለሁ። ሌላ የለኝም፤ ያለኝን ደግሞ አልደብቀውም።»

ከኋላ፣ ወፍራም ድምፅ የሚያወጡት ወንዶች ከቆሙበት፣ «ነጎድጓድ» የሚሉት ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ። «አቦ ጋሼ፣ እኛ ጋ ትምጣ! እዚህ ማን የጠራ ድምፅ አለውና ነው?»

ሁሉም ሳቁ። መሪው አልሳቁም። «እዚያ ሴት ልጅ ቆማ አታውቅም» አሉ።

«እንግዲያው ዛሬ ትቆማለች» አለችና መዝሙር ደብተሯን ይዛ በረድፎቹ መሃል አለፈች። ወንዶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት። መሪው ገጹን ወደ ኋላ ገለጡና «ከመጀመሪያው» አሉ።

ወፍራሙ ዜማም ቢሆን በቀላሉ እንደማይወጣላት ታውቃለች። ደረቷ እስኪሞላ ትንፋሽ ሳበችና፣ ሳትሰስት ጀመረች።