የማድረቂያው ወንፊት

«መብራቱን ወደዚህ! ወደ ፊቴ አይደለም፣ ወደ ጉድጓዱ!»

ፌንጣ የስልኳን መብራት አዞረች። ጠጋኟ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ቀኝ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ልብስ ማድረቂያው ጀርባ ውስጥ ከታለች። እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች። ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ስትተነፍስ የምትሰማ ሴት ናት።

«ኧረ ጉድ!» አለች፣ ያገኘችውን እየጎተተች። «ይኼማ ማድረቂያ አይደለም፣ ፍራሽ ቤት ነው።»

የወጣው ግራጫ ብናኝ ነበር። ከፎጣ፣ ከካልሲ፣ ከአንሶላ የረገፈ፣ እንደ ቆሻሻ ጥጥ የተጠቀጠቀ ብናኝ። ጠጋኟ እያወጣች ጋዜጣው ላይ ከመረችው፤ ክምሩም ድመት ያህል ሆነ።

ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጡላት ወንድ አያቷ ናቸው። እግሯ ረጅም ነው፣ አንድ ቦታ መቆምም አይሆንላትም። ዛሬ ግን እንደ ግንድ ቆማለች። እናቷ ነርስ ናት፣ ተረኛ ነች። ጠዋት ስትወጣ «ከትምህርት ቤት ቀጥ ብለሽ ግቢ። ጠጋኟ እስክትጨርስ ካጠገቧ እንዳትርቂ» ብላታለች። አያቷ ቤት ውስጥ ናቸው፣ ግን እንደሌሉ ቁጠሩት። ከቅዳሜ ጀምሮ ኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን ክፍላቸውን ዘግተው፣ ለምግብና ፊት ለመታጠብ ብቻ ነው የሚወጡት።

በራቸው ላይ የብረት የመሣሪያ ሣጥናቸው ተቀምጧል። ዛሬ ጠዋት ራሳቸው አውጥተው አስቀመጡትና «ጠጋኝ ሲመጣ ይኼን እንዳለ ስጪልኝ» አሏት። «እንዳትከፍቺው። ለኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል።»

ፌንጣም «እሺ» አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ከ«እሺ» ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም።

«ወንፊቱስ?» አለች ጠጋኟ።

«እ?»

«ወንፊቱ ነዋ! ከላይ ተስቦ የሚወጣው፣ ብናኙን የሚይዘው። ቦታው ባዶ ነው። ማን ወሰደው?»

ፌንጣ ባዶውን ቦታ አየች። ወንፊቱ ቦታው ላይ እንደነበረ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የሚኖሩበት ሕንፃ በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ክልክል ስለሆነ፣ የቤቱ ልብስ ሁሉ የሚደርቀው በማድረቂያው ነው። ልብስ በደረቀ ቁጥር ወንፊቱን ስቦ ማውጣት፣ ብናኙን በእጅ ጠርጎ መመለስ የፌንጣ ሥራ ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እሷ ግን ሁለት ደቂቃም ትሰስታለች። ያን ቀን በአንድ እጇ ስልክ ይዛ፣ በሌላው በእስክርቢቶ ጫፍ ብናኙን ስትፍቅ ወንፊቱ ተርረር ብሎ ተቀደደ። አራት ጣት ያህል።

«እማ፣ ቀደድኩት» ብትል ምን ትባል ነበር? አንድ ቀን ትቆጣ ይሆናል፣ አለቀ። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም፣ ሰነፍ ናት፤ ይለያያል። ለትምህርት ቤት ሥራ የገዛችውን ሰማያዊ፣ ወርቃማ ኮከብ ያለበት ስኮች አምጥታ ቀዳዳውን ከፊትም ከኋላም ለጠፈችው። ወንፊት ላይ ስኮች! ወንፊት እኮ ወንፊት የሆነው ስለሚያሳልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ብናኙን ስትጠርግ ስኮቹ አብሮ እንዳይነሳባት መጥረጉን ተወችው። ወንፊቱን ቦታው ወትፋ ዘወር አለች።

ቅዳሜ ዕለት ማድረቂያው መዞሩን ይዞራል፣ ሙቀት ግን ጠፋ። ፌንጣ ደነገጠች። አያቷ ደግሞ ፊታቸው በራ። ሠላሳ ዓመት በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ፣ ሰው ቆሞ የሚገባባቸውን ትልልቅ ማድረቂያዎች ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚጠግኑት ነገር አጥተው የበር ማጠፊያ ዘይት ሲቀቡ ነው የሚውሉት። ሣጥናቸውን አመጡ፣ ነጭ ጨርቃቸውን ወለሉ ላይ ዘረጉ። የፈቷትን ብሎን ሁሉ በጨርቁ ላይ እንደ ሰዓት ቁጥር በዙሪያ ነው የሚደረድሩት፤ መጀመሪያ የወጣችው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቀጣይዋ አንድ ሰዓት ላይ። ሲመልሱ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ።

ሌላም ወግ አላቸው። የማሽኑን ሆድ ከመክፈታቸው በፊት ከውጭ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ያያሉ። ሶኬቱን አዩ። የአየር መውጫ ቱቦውን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ጠየቁ።

«ፌንጣ፣ ወንፊቱ እንዴት ነው?»

«ንፁህ ነው አባባ። አሁን ነው ያጸዳሁት።»

«በዓይንሽ አየሽው?»

«በዓይኔ አየሁት።»

የሆቴሉን የበላይ አለቃ ቃል እንኳ አምነው የማያውቁ ሰው፣ የልጅ ልጃቸውን ቃል አመኑ። ወንፊቱን አለፉት።

ማሽኑን ከፈቱ። ፊውዙ ተቃጥሏል። ትርፍ ፊውዝ ከሚያኖሩበት ቆርቆሮ ልኩን ፈልገው ቀየሩት፣ ብሎኖቹን ወደ ኋላ ቆጥረው መለሱ፣ ማሽኑም ሞቀ። እናቷ «እሰይ አባባ!» ብላ የሥራ ልብሶቿን ከተተች። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ የሚቃጠል ነገር ሸተተ። ጭስ ወጣ። እናቷ ሮጣ ሶኬቱን ነቀለች። ነጩ የሥራ ልብሷ ደረቱ ላይ ቡናማ ሆኖ ወጣ።

«አባባ! ቤቱን ሊያቃጥሉብን ነው እንዴ?»

አያቷ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። «እኔ እንጃ... ተሳስቼ ይሆናል።»

«ዓይንዎም እጅዎም እንደ ድሮው አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ማሽን አይንኩብኝ። በእግዜር ይዤዎታለሁ።»

ያን ጊዜ ፌንጣ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆማለች። አፏን መክፈት ብቻ ነበር የቀራት። አፏንስ ከፈተች፣ ግን ውሃ ጠጣችበት። ያልጠማትን ውሃ።

«እንኪ፣ የመጨረሻው ይኼ ነው» አለች አሁን ጠጋኟ፣ እጇን ከማሽኑ ውስጥ እየመዘዘች። ማራገቢያው ላይ ተጠምጥሞ የነበረ ብናኝ ነው። መካከሉ ላይ የተኮማተረ ሰማያዊ ነገር ያብለጨልጫል። በጥፍሯ ዘረጋችው። ኮከብ፣ ኮከብ፣ ኮከብ።

«ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ከሰማይ ወርዶ ገባ በይኛ!» ሳቀች። ፌንጣ አልሳቀችም። ጠጋኟ ቀና ብላ ፊቷን አየቻትና ሳቋን ዋጠች።

ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። «ስሚ የኔ ልጅ፣ አየር መውጫ አጥቷል። አየሩ ሲታፈን ሙቀቱ እዚያው ይጠራቀማል። ያን ጊዜ ፊውዟ ራሷን ሠውታ ኤሌክትሪኩን ትበጥሰዋለች። እሷ ባትኖር ዛሬ የምትጠሩት እኔን ሳይሆን እሳት አደጋን ነበር።» የተቃጠለችውን ፊውዝ በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋቻት። «ይቺን የቀየረው ማነው?»

«አያቴ ናቸው።» ድምፅዋ ቀጠነ። «እጃቸው ትንሽ... እንደ ድሮው አይደለም ተብሎ...»

«ማነው ያለው? የሳቸው እጅ ይባረክ! ስንት ቤት እገባለሁ፣ ሽቦ ጠምዝዞ ቀጥሎ የሚሄድ ጉደኛ ነው የማየው። ይኼ በልኩ ነው፣ በቦታው ነው፣ ማሰሪያው እንኳ አልተጣመመም። ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው።»

ጠጋኟ ብትሰድባት ለፌንጣ ይሻላት ነበር።

ሌላ የምታደርገው ስላጣች ኮሪደሩ ላይ ሄዳ ሣጥኑን አመጣች። ሁለት እጇን ወደ ታች ጎተታት። «ይኼን ይውሰዱት ብለዋል። አባባ።»

«እኔ? ምን አድርጌ?» ጠጋኟ ተንበርክካ መቆለፊያውን ቀለበሰችው። ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ መፍቻው ሁሉ ዘይት ተቀብቶ በየቦታው ተኝቷል። ከላይ ነጩ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ገለጠችው።

ወንፊቱ እዚያ ነበር።

የስኮቹ ሙጫ ሙልጭ ብሎ ተጠርጓል። ቅዱ ከፀጉር በቀጠነ የመዳብ ሽቦ እየተሰፋ ነበር። ከግራ ሲጀመር ስፌቱ ደቃቅ፣ እኩል፣ ማሽን የሠራው የሚመስል ነው። መሐል ሲደርስ ይራራቃል። ከዚያ ይጣመማል። አንድ ጣት ሲቀረው ቆሟል፤ መርፌው ከነሽቦው ተንጠልጥሏል።

አባባ ይኼን የሠሩት እሑድ እሷና እናቷ ከቤት ሲወጡ ነው፣ ሌላ ጊዜ ሊሆን አይችልም። ብቻቸውን ተነስተው ያለፉትን ወንፊት ሳቡት። ሳይላቀቅ የቀረውን ስኮችም አገኙት። የማን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ለትምህርት ቤት ሥራዋ ስትለጥፈው ጥቅልሉን ይዘው እየቆረጡ ያቀበሏት እሳቸው ናቸው።

አውቀዋል። አውቀውም ለእናቷ ትንፍሽ አላሉም። «እንዳትከፍቺው» ያሉትም ለዚህ ነው። ወንፊቱ ከሣጥኑ ጋር ከቤት ይወጣል፣ የፌንጣ ጥፋት አብሮ ይሄዳል፣ የሳቸው ስም ግን እዚህ ይቀራል፤ ቤት ሊያቃጥሉ የነበሩ ሽማግሌ ተብሎ።

ጠጋኟ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ከመኪናዋ አዲስ ወንፊትና ፊውዝ አምጥታ ገጠመች። ማሽኑ ዞረ፣ ሞቀ። ከዚያ ከጆሮዋ ላይ እርሳሷን መዝዛ ወረቀት አወጣች።

«እዚህ ጋ 'የብልሽቱ ምክንያት' የሚል መስመር አለ። እናትሽ አንብባ ነው የምትፈርመው። ምን ልበል?» ጎንበስ ብላ አየቻት። «'ወንፊቱ አርጅቶ' ብል የሚጠይቅሽ የለም። ማሽኑም ልጅ አይደለም።»

ላሽ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። መንገዱ እንዲህ ተጠርጎ ተሰጥቷታል። ፌንጣ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ መርፌው የቆመበትን ቦታ አየች።

«እኔ ልጻፈው?»

ጠጋኟ እርሳሱን ሰጠቻት። መስመሩ አጭር ነው፣ ፌንጣ ኅዳጉ ላይ ወጥታ ጻፈች። *ወንፊቱን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ስኮች ለጥፌበት ነው አየር ያጣው። አባባ ሲጠይቁኝ ንፁህ ነው ብዬ ዋሸኋቸው። እሳቸው ፊውዙን ልክ አድርገው ነው የቀየሩት።* የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከሥሩ አሰመረችበት።

ጠጋኟ አንብባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ፣ የጨው ዕቃው ሥር አስቀመጠችው። «ሣጥኑስ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልሰጥም።»

«ድሮስ ማን ሊሸከመው፣ በአራት ፎቅ ደረጃ!» አለችና ቦርሳዋን አንግባ ወጣች።

ፌንጣ ሣጥኑን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ሄደች። በሩን አንኳኳች።

«አባባ፣ ስኮቹ የኔ ነው።»

ከውስጥ፣ ከአልጋው አካባቢ፣ «አውቃለሁ» የሚል ድምፅ መጣ።

«ለእማ ጽፌላታለሁ። ሁሉንም።»

ሣጥኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ጠጋኟ እጃቸው ይባረክ አለች። ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው አለች።» ወደ በሩ ተጠጋች። «አባባ፣ ስፌቱ አላለቀም። ይውጡና ያሳዩኝ፣ ልጨርሰው።»

አልጋው ተንቋቋ። የሚነሱ መስሏት በሩን ትታ ወደ ኋላ አለች። አልተነሱም።

«ዛሬስ ደክሞኛል ልጄ» አሉ።

በቁጣ ቢሉት ምናለ። ግን በቁጣ አላሉትም፣ የእውነት የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

ፌንጣ ከበሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ነጩን ጨርቅ እሳቸው እንደሚዘረጉት ዘረጋችው፣ ወንፊቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። መርፌውን ካቆሙበት ወጋች። የመጀመሪያው ስፌት ተንሻፈፈ። ፈታችው። እንደገና ወጋች። ማሽኑ ወጥ ቤት ውስጥ በለሆሳስ ይዞራል፤ የሞቀ አየር ሽታ እስከ ኮሪደሩ መጥቷል። በሩ እንደተዘጋ ነው።

አራተኛው ስፌት ላይ ሳለች የእናቷ ቁልፍ በውጭው በር ሲዞር ሰማች። ቦርሳዋን ስትጥል፣ ጫማዋን ስታወልቅ፣ «ሠራ እንዴ?» ስትል ሰማች። ከዚያ እግሯ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ የጨው ዕቃው ተነሳ፣ ወረቀቱም ኮሽኮሽ አለ።

ፌንጣ ወንፊቱን ከጭኗ ላይ አላነሳችም። መርፌውን ያዘች፣ ቀና ብላ ወደ ኮሪደሩ መግቢያ ማየት ጀመረች።